ቋንጣ ከገመድ ወደ ኦቭን፦ የጨው፣ የአየርና የሙቀት ሳይንስ

የፍልሰታ ጾም ከተፈታ አንድ ሳምንት አልፏል፤ ሰማዩ ግን ገና አልጠራም። በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ጎን ሌላ ገመድ ተወጥሮ በጨውና በሚጥሚጣ የታሸ ዝልዝል ሥጋ ተሰቅሎበታል። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በአዲሱ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባልና እናቱ ስንቅ እያሰናዱለት ነው። በሶው ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ቋንጣው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን እናት ሥጋውን ዳበስ ሲያደርጉት በመድረቅ ፈንታ የሚያሟልጭ ሆኖ አገኙት። በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ ሻጋታ ጣል ጣል አለበት። ሦስት ኪሎ ሥጋ ተጣለ።

"እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" አሉ እናት፤ ከገንዘቡ ይልቅ የቆጫቸው ሙያቸው መነካቱ ነበር። የፎቅ ጎረቤታቸው ግን ሌላ ሐሳብ አመጡ። "አንቺ፣ ኦቭን አለሽ አይደል? ለምን እሱ ውስጥ አታደርቂውም?"

ምክሩ ቀላል ይመስላል። ኦቭን ዝናብ አያውቅም፤ ዝንብም አይገባበትም። ይሁን እንጂ ወደ ኦቭኑ ከመሄዳችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በእናት ቤት የማይበላሸው ቋንጣ በልጅ ቤት ለምን ተበላሸ? በገመድና በኦቭን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በኦቭን የደረቀ ሥጋስ በእርግጥ ከጎጂ ተህዋስያን የጸዳ ነውን? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከወጥ ቤት አስወጥቶ ወደ ፊዚክስ፣ ወደ ኬሚስትሪና ወደ ባዮሎጂ ይወስደናል።

ቋንጣና ዘመዶቹ

ሥጋን አድርቆ ማቆየት የሰው ልጅ ከሚያውቃቸው እጅግ ጥንታዊ የምግብ ማቆያ ዘዴዎች አንዱ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች የደረቀ ሥጋን "ቻርኪ" ይሉታል፤ "ጀርኪ" የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተገኘውም ከዚሁ የኬችዋ ቋንቋ ቃል ነው። ደቡብ አፍሪካውያን በሆምጣጤና በድንብላል አሽተው "ቢልቶንግ" ያዘጋጃሉ። በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ ስስ ሥጋ በለውዝና በቅመም ተለቅልቆ "ኪሊሺ" ይሆናል። የእኛው ቋንጣ የዚህ ሰፊ ቤተሰብ አባል ነው።

በሀገራችን የቋንጣ ታሪክ ከቅርጫ ጋር የተያያዘ ነው። በበዓል ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይጥላል፤ ሥጋው በየመደቡ ተከፍሎ ለየቤቱ ይደርሳል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ያን ሁሉ ሥጋ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ጮማው ቀድሞ ይበላል፤ ቀዩ ሥጋ ይዘለዘላል። እናቶቻችን ይህን ምርጫ የሚያደርጉት በልምድ ነው፤ ምርጫው ግን ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ስብ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ የከረፋ ሽታና መጥፎ ጣዕም ያመጣል፤ ይህን ለውጥ ጨውም ሆነ መድረቅ አያስቆመውም። እንዲያውም ጨው ሊያፋጥነው ይችላል። ለወራት እንዲቆይ የታሰበ ቋንጣ ከቀይ ሥጋ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሕይወት የሚያገለግለው ውሃ

ቀይ የበሬ ሥጋ ከክብደቱ ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። የተቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ውሃና ፕሮቲን በአንድነት የሚገኙበት ቦታ ደግሞ ለባክቴሪያ የሠርግ ቤት ነው።

ይሁንና ምግብ የሚበላሸው ውሃ ስላለበት ብቻ አይደለም። ማርን እንመልከት። ማር ፈሳሽ ነው፤ ከክብደቱም አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአግባቡ የተያዘ ማር ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ምክንያቱም ውሃው በስኳሩ ሞለኪውሎች ተይዟል፤ ባክቴሪያው ውሃውን "ያየዋል" እንጂ አያገኘውም። እንግዲህ ወሳኙ ጉዳይ በምግቡ ውስጥ ያለው የውሃ ብዛት ሳይሆን ለተህዋስያን ነጻ ሆኖ የሚገኘው ውሃ ነው። አውስትራሊያዊው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ዊሊያም ጀምስ ስኮት የባክቴሪያ እድገት ከዚህ ነጻ ውሃ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። መለኪያውን በአማርኛ "የውሃ ገቢርነት" ልንለው እንችላለን። ልኩ ከ0 እስከ 1 ይደርሳል። የንጹሕ ውሃ ገቢርነት 1 ነው።

የጥሬ ሥጋ የውሃ ገቢርነት 0.99 ያህል ነው። ወደ 0.91 ሲወርድ ምግብ የሚያበላሹ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ። እጅግ ታጋሽ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የተባለው ባክቴሪያ እስከ 0.86 ገደማ ድረስ መራባት ይችላል። ሻጋታዎች ከዚህም በታች ይዘልቃሉ። ከ0.60 በታች ግን የሚራባ ተህዋስ የለም። እንግዲህ ቋንጣ መሥራት ማለት ከ0.99 ተነሥቶ ከ0.86 በታች ለመድረስ የሚደረግ ሩጫ ነው። ተወዳዳሪዎቹም ሁለት ናቸው፦ በአንድ በኩል መድረቅ፣ በሌላ በኩል የባክቴሪያ መራባት። በዚያ በረንዳ ላይ ያሸነፈው ሁለተኛው ነበር።

ጨውና መድረቅ ሲተባበሩ

ጨው በሥጋ ላይ ሲነሰነስ በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት ውሃን ከሥጋው ወደ ውጭ ይስባል፤ ራሱም እየሟሟ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የባክቴሪያውም ሕዋስ በዚሁ ሕግ ውሃውን ያጣል። ሆኖም ለመብል በሚመች መጠን የተጨመረ ጨው ብቻውን ሥጋን አያቆይም። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

አንድ ኪሎ ግራም ቀይ ሥጋ እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 730 ግራሙ ውሃ፣ 270 ግራሙ ሌላው ነገር ሁሉ ነው እንበል። 30 ግራም ጨው፣ ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ፣ ብናሽበት በሥጋው ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ጥንካሬ 30 ለ760፣ ይኸውም 4 በመቶ ያህል ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ የጨው ውሃ ገቢርነት ከ0.97 በላይ ነው። ባክቴሪያው ጥቂት ቢቸገር እንጂ አይቆምም።

አሁን 600 ግራም ውሃ በትነት እናስወጣ። 130 ግራም ውሃ ይቀራል። ጨው ግን አይተንም፤ 30 ግራሙ በቦታው አለ። ጥንካሬው 30 ለ160፣ ማለትም 19 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ገቢርነቱም ወደ 0.85 ይወርዳል። አሁን ስታፊሎኮከስም ይቆማል። ማድረቃችንን ቀጥለን የውሃውን መጠን 80 ግራም ብናደርሰው፣ 30 ግራም ጨው ያንን ውሃ እስከ መጨረሻው ያጠግበዋል፤ ገቢርነቱም 0.75 ይሆናል። ፕሮቲኑ ራሱ የሚይዘውን ውሃ በስሌታችን ስላላስገባን እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ዝቅ ሊል ይችላል።

የስሌቱ ትምህርት ግልጽ ነው። ጨዉን ያለ መድረቅ፣ መድረቁንም ያለ ጨው ብንወስድ እያንዳንዳቸው ደካማ ናቸው፤ ሲተባበሩ ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ያበዛል። በተጨማሪም የቤት ሚዛን ብቻ በመጠቀም የቋንጣውን ሁኔታ መገመት እንደሚቻል እንረዳለን። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በ30 ግራም ጨው ታሽቶ ሲደርቅ 430 ግራም ቢመዝን የ0.85 ደፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። 380 ግራም ቢመዝን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ለመቀመጥ ተዘጋጅቷል።

ሥጋው ለምን ይዘለዘላል?

ባለሙያ እጅ አንድን ሙዳ ሥጋ ሳይበጥስ እያገላበጠ እንደ ረጅም ጥብጣብ ሲዘለዝለው ማየት ያስደስታል። የዚህ ሙያ ዋጋ በቁጥር ሊገለጥ ይችላል። አንድ ኪሎ ሥጋ በእያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሙዳ ነው ብንል ገጹ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ሙዳ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው 20 ቅጠሎች ብንከፍለው ጠቅላላው ገጽ ወደ 4,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ውሃ የሚወጣበት በር ከሰባት እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለ። በሥጋው መካከል ያለ ውሃ ወደ ገጹ የሚጓዘው በስርገት ነው። በስርገት ሕግ መሠረት የጉዞው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ውፍረቱን በግማሽ ብንቀንስ ጊዜው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ዕዳ አለው። በጤነኛ በሬ ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገኘው በአብዛኛው በገጹ ላይ ነው። ሥጋው ሲዘለዘል አዲስ ገጽ ይፈጠራል፤ ቢላው፣ መክተፊያውና እጅ የያዙትን ሁሉ ለዚህ አዲስ ገጽ ያካፍላሉ። ስለዚህ የቋንጣ ደኅንነት የሚጀምረው ከኦቭኑ ሳይሆን እጅን በሳሙና ከመታጠብ ነው።

ገመዱና ኦቭኑ

አሁን ወደ በረንዳው እንመለስ። በእናት ቤት ቋንጣ የሚሰቀለው በአብዛኛው በበጋ ነው፤ ወይም ደግሞ ጭስ በማይለየው ምድጃ በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የደጋው አየር ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ነፋሻ ነው። የሥጋው ገጽ ቶሎ ስለሚደርቅ ባክቴሪያው የሚራባበት ጊዜ አያገኝም። ጭሱም በበኩሉ ዝንብን ያርቃል፤ ተህዋስያንን የሚያዳክሙ ውህዶችንም ይዟል። በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ በውሃ ተን ሊጠግብ ተቃርቧል። እርጥብ አየር ከእርጥብ ሥጋ ውሃ ለመቀበል አቅም የለውም። የእናትየው ሙያ አልጎደለም፤ የጎደለው አየሩ ነው።

ኦቭን ይህን ችግር የሚፈታው እንዴት ነው? 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለውን የክረምት አየር ወደ ኦቭን አስገብተን እስከ 60 ዲግሪ ብናሞቀው፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን አልቀነሰም፤ ሞቃት አየር ሊሸከመው የሚችለው ተን ስለበዛ ነው። በአንድ ቁልፍ መዞር ነሐሴ ከኅዳር የባሰ ደረቅ ይሆናል። ነገር ግን ከሥጋው የወጣው ተን መውጫ ካላገኘ ኦቭኑ ወዲያው ወደ እንፋሎት ቤት ይለወጣል። ለዚህ ነው በሩን በእንጨት ማማሰያ ገርበብ ማድረግ የሚያስፈልገው።

የጉልበቱንም ወጪ እናስላ። አንድ ግራም ውሃ ለማትነን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ለ600 ግራም ውሃ 1,440 ኪሎ ጁል ማለት ነው፤ ይህም 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በተግባር ግን ገርበብ ካለው በርና ከኦቭኑ ግድግዳ የሚያመልጠው ሙቀት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኅዳር በነጻ የሚሰጠውን ሥራ በነሐሴ በቆጣሪ መክፈል ግድ ነው።

እሳቱን ከፍ አድርጎ ጊዜውን ለማሳጠር መሞከርም አያዋጣም። ገጹ በፍጥነት ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ በውስጡ የቀረውም ውሃ መውጫ ያጣል። እንዲህ ያለው ቋንጣ ሲነኩት ደረቅ፣ ሲያስቀምጡት ግን ከውስጥ የሚሻግት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመብራት መጥፋት ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው የሙቀት ክልል ባክቴሪያ የሚራባበት አደገኛ ክልል ይባላል። በገመድ ላይ የተሰቀለ ሥጋ በቀዝቃዛና በደረቅ ነፋስ ይጠበቃል። መብራት የጠፋበት ኦቭን ግን ለብ ያለ፣ እርጥብና ነፋስ የሌለው ጨለማ ሣጥን ነው፤ ከገመዱ እጅግ የባሰ ነው። ሥጋው ገና እርጥብ ሳለ መብራት ቢጠፋና በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ካልመሰለ፣ ሳይዘገዩ በከሰልም ሆነ በጋዝ ጠብሶ ለዕለቱ ምግብ ማድረግ ይሻላል።

ደረቅ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እስካሁን የተመለከትነው የባክቴሪያን መራባት ስለማስቆም ነው። ማስቆምና መግደል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ባክቴሪያዎች በደረቅ ምግብ ላይ ሳይራቡ፣ ነገር ግን ሳይሞቱ ለሳምንታት መቆየት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሬጎን ግዛት በቤት ውስጥ የተዘጋጀ የአጋዘን ቋንጣ የበሉ ሰዎች ታመው ነበር። መንስኤው ኢ. ኮላይ ኦ157፡ኤች7 የተባለው ባክቴሪያ ነበር። ይህ ተህዋስ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስከትላል፤ በተለይ በሕፃናት ላይ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ሰውን ለማሳመም የሚያስፈልገው ቁጥርም እጅግ አነስተኛ ነው።

"ኦቭኑ 60 ዲግሪ ሆኖ እንዴት ይተርፋል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምስጢሩ ያው ትነት ነው። ላብ ገላችንን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ከሥጋው የሚተነው ውሃም ሥጋውን ያቀዘቅዘዋል። የኦቭኑ አየር 60 ዲግሪ ቢሆንም እርጥቡ ሥጋ ለሰዓታት ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሥጋው በመጨረሻ ደርቆ ሲሞቅ ደግሞ ባክቴሪያውም አብሮ ደርቋል፤ የደረቀ ባክቴሪያ ሙቀትን የመቋቋም ኃይሉ ከእርጥቡ ይበልጣል። ስለዚህ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እንዲሞቅ ይመክራል።

"ምን ቸገረኝ፤ በኋላ ወጥ ውስጥ ይፈላል" የሚለውም መከራከሪያ ሙሉ አይደለም። መፍላቱ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን ይገድላል። ሆኖም ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ አስቀድሞ በሥጋው ላይ በብዛት ተራብቶ ከነበረ መርዙን ትቶ ይሄዳል፤ ይህ መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ባክቴሪያው የሚኖረው በሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ፣ በተለይም በቆሰለ ጣት ላይ ነው። ያሟለጨና ሽታው የተለወጠ ሥጋን በበርበሬና በቅቤ አብስሎ ለማትረፍ መሞከር የማይገባው ለዚህ ነው። እኒያ እናት ሦስቱን ኪሎ መጣላቸው ትክክል ነበር። ደግሞም ቋንጣ ሁልጊዜ አይፈላም። በተማሪዎች ማደሪያ ከሻንጣ እየተመዘዘ እንዲሁ የሚቆረጠመው ቋንጣ ብዙ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

የኮሶ ትልም ሊዘነጋ አይገባም። የዚህ ጥገኛ ትል እጭ በበሬ ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ነጭ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሰው አንጀት ውስጥ ሲያድግ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ኮሶ የተባለው ዛፍ አበባ ለዘመናት መድኃኒት ሆኖ ያገለገለው ይህን ትል ለማስወጣት ነው። እጩ የሚገኘው እንደ ባክቴሪያው በገጹ ላይ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ስለሆነ እጅና ቢላ በመታጠብ አይወገድም። በቄራ ምርመራ ያለፈ ሥጋ መግዛት የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ሥጋውን ውስጡ ድረስ ማሞቅ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀናት ማቀዝቀዝ እጩን ይገድለዋል።

ቤከንና ቋንጣ

የውጭ አገር የምግብ መጽሐፎችን ያገላበጠ ሰው ሌላ ዓይነት የኦቭን ሥጋ ያገኛል። አውሮፓውያንና አሜሪካውያን የአሳማን የሆድ ሥጋ በጨው አቆይተው ቤከን ያደርጉታል። በአገራችን የአሳማ ሥጋ በብዙኃኑ ዘንድ በሃይማኖት ምክንያት አይበላም፤ የሁለቱ ንጽጽር ግን አስተማሪ ነው። ቤከን በስስ ተቆርጦ በሳህን ላይ ተነጥፎ ወደ 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ውስጥ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቀመጥ ስቡ ይቀልጣል፤ ሥጋው ይቦረቦራል። ኦቭኑ እዚያ የሚያበስል ነው፤ ለቋንጣ ግን የሚያደርቅ ነው። ቤከን በስብ የተሞላና ውሃው ያልተሟጠጠ ስለሆነ በማቀዝቀዣ ካልሆነ አይቆይም።

ሌላው ልዩነት ቀለም ነው። ቤከን ሲቆይም ሐምራዊ እንደሆነ ይኖራል፤ ቋንጣ ግን ይጠቁራል። የሥጋን ቀይ ቀለም የሚሰጠው ብረት ያለበት ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በአየር ሲቆይ ኦክሲድ ሆኖ ቡናማ ይሆናል። በቤከን ላይ ግን ናይትራይት የተባለ ጨው ይጨመራል፤ ከእርሱ የሚገኘው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከማዮግሎቢን ጋር ተጣምሮ ቀለሙን ያጸናዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1901 ያብራሩት ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴን ናቸው። ናይትራይት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያም ይከላከላል። ሆኖም በጥቂት ግራም ስሕተት ራሱ መርዝ ስለሚሆን በቤት ውስጥ በግምት የሚነሰነስ ነገር አይደለም። ቋንጣም አያስፈልገውም፤ ስስ ሆኖ በአየር ውስጥ ስለሚደርቅ ጠባቂዎቹ ጨውና ድርቀት ናቸው።

ይህ ማለት ግን ቋንጣ ያለ ልክ ይበላ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በጨው፣ በጭስና በመሳሰሉት ዘዴዎች የተቀነባበረ ሥጋን የአንጀት ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቧል። ቋንጣ የጨው መጠኑም ከፍተኛ ስለሆነ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው በልኩ ሊወስደው ይገባል።

የመዓዛው ምንጭ

ቋንጣ በቅቤ ሲጠበስ ጎረቤት ሳይቀር የሚጠራው መዓዛ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1912 ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር የአሚኖ አሲዶችና የስኳር ውህደት ሲሞቅ ቡናማ ቀለም እንደሚፈጥር ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ሆጅ የዚህን ውስብስብ ኬሚካላዊ አጸግብሮት ደረጃዎች በሥርዓት አስቀመጡ። የእንጀራ ጠርዝ፣ የዳቦ ቅርፊትና የተቆላ ቡና መዓዛ በከፊል የዚሁ ውጤት ነው።

የማያር አጸግብሮት በፍጥነት የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። እርጥብ ሥጋ ግን ውሃው እስካለ ድረስ ከውሃ መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ነው። ቋንጣ ውሃውን አስቀድሞ ስለጨረሰ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሙቀቱ ያሻቅባል፤ መዓዛውም ወዲያው ይፈነዳል። የቋንጣ ፍርፍርን ጣዕም ከተራ ሥጋ ወጥ የሚለየው ይህ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራ?

ከላይ የተመለከትነውን ወደ ተግባር እንለውጠው።

በቄራ የተመረመረ፣ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ይመረጥ። እጅ፣ ቢላና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጣቱ የቆሰለ ሰው ሥጋውን አይንካ። ሥጋው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዘልዘል። ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ግራም ጨው፣ እንደ ፍላጎትም ሚጥሚጣና ቁንዶ በርበሬ ተጨምሮ በሚገባ ይታሽ፤ ጨዉ እንዲሰርግም በማቀዝቀዣ ይደር።

በማግስቱ ዝልዝሉ ሳይደራረብ በሽቦ ፍርግርግ ላይ ይዘርጋ፤ ከሥሩም የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሳህን ይቀመጥ። ኦቭኑ አስቀድሞ ወደ 150 ዲግሪ ሞቆ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የሥጋው ውስጥ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቅ። የምግብ ቴርሞሜትር ቢገኝ መልካም ነው። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ በሩ በማማሰያ ገርበብ ይበል። ሥጋው አልፎ አልፎ እየተገላበጠ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይደርቅ። ሕፃናት ወዳሉበት ቤት ክፍት ኦቭን ያለ ጠባቂ አይተው።

ያልበሰለ መልክ ያለውን ነባሩን ቋንጣ የሚመርጥ ሰው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ይችላል። ሥጋውን መጀመሪያ በ60 ዲግሪ አድርቆ በመጨረሻ በ135 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ማሞቅ ነው። ሁለቱንም መተው ግን አይገባም።

መድረቁን በሚዛን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ የአንድ ኪሎው ቁጥር 380 መሆኑን እናስታውስ። ቋንጣው በሚገባ ሳይቀዘቅዝ አይታሸግ፤ ትኩስ ከታሸገ ተኑ ተመልሶ ጠል ይሆንበታል። በክረምትም ክፍት ከተተወ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይስባልና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። ሻጋታ የታየበት ሁሉ ይጣል እንጂ ተፍቆ አይበላ።

ይህ ሁሉ በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ይጠቅማል። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚጓዝ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ሥጋ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለከል፣ ቋንጣ የናፈቀው ሰው በየቤቱ ኦቭን መሥራቱ የማይቀር ነው።

የእናትየው ሁለተኛ ሙከራ

እኒያ እናት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት ናቸው። ሦስቱ ኪሎ በተጣለ በሳምንቱ ሁለት ኪሎ ሥጋ ተገዝቶ ከላይ በተገለጸው መንገድ ተዘጋጀ። እናቴ በቴርሞሜትሩ ብዙም አልተደሰቱም፤ "ሥጋ እንደ በሽተኛ ይለካል እንዴ?" አሉ። ሚዛኑን ግን ወደዱት። በየሰዓቱ እየመዘኑ ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ 760 ግራም ሲሞላ ኦቭኑን አጠፉ። ቋንጣው በማግስቱ ከበሶው ጎን ሻንጣ ውስጥ ገባ።

ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ ቋንጣው በሁለት ሳምንት ማለቁን ነገረን፤ የጨረሱት የማደሪያ ክፍል ጓደኞቹ ነበሩ። እናቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ቀጥለውም ያን ገመድ ከበረንዳው ፈትተው ጠቅልለው አስቀመጡት።

"ጥቅምት ይግባና ደግሞ እንሰቅላለን" አሉ። "ነፋሱ በነጻ እያለ ለምን ቆጣሪ ይዞራል?"

ሳይንሱም ከዚህ የተለየ አይልም።